የማንንም የማይመስል ቦርሳ

ቦርሳ መምረጥ ለመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ቁም ነገር አይደለም። ዚፕ ካለውና ዕቃ ከያዘ ይበቃቸዋል። እኔ ግን ታብሌት፣ ላፕቶፕ፣ ፓወር ባንክና የገመድ ጥቅልል ተሸክሜ ከጋምቤላ ወደ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ስመላለስ የምኖር ሰው ነኝና አይበቃኝም። ሥራዬ ጦርነት የበታተናቸውን ቤተሰቦች ማገናኘት ነው። አንዱ ካምፕ ያለ ሰው በቪዲዮ መልእክት ይቀዳል፣ እኛ ሌላው ካምፕ ላለው ዘመዱ ወስደን እናሳያለን። ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ መልእክት የሚሄደው በሰው ጀርባ ነው።

የምፈልገውን ቦርሳ ያገኘሁት ገበያው አጠገብ ካለው ከፋንቱ ሱቅ ነበር። ቀይ ነው፤ ደማቅ ቀይ። የላፕቶፑ ኪስ ወፍራም ስፖንጅ አለው፣ ታችኛው ጫፉም መሬት አይነካም። ዋናው ዚፕ የሚከፈተው በጀርባ በኩል ስለሆነ ካላወረዱት እጅ አይገባበትም። ከሥሩ ደግሞ የዝናብ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ይሄን ማንም አይገዛኝም» አለች ፋንቱ፣ አቧራውን እያራገፈች። «ቀለሙ ይጮኻል ይላሉ። ላንቺ ግን ያምርብሻል፣ እህቴ።»

ቢሮ ሄጄ ለኃላፊዬ ለአቶ ሩፋኤል ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ካወለቁ መልሱ እንቢ እንደሆነ ድሮም አውቃለሁ።

«ሦስት ፕሮፎርማ አለሽ?»

«ከሦስት ሱቅ ከየት ላምጣ? እንዲህ ያለ ቦርሳ ከተማው ውስጥ ያላት ፋንቱ ብቻ ናት።»

«እንግዲያው አይገዛም። ደግሞስ መጋዘኑ በሥልጠና ቦርሳ ተጣቦ የለም እንዴ? አንዱን ውሰጂ።»

«በራሴ ልግዛው እሺ?»

«የመሥሪያ ቤት ንብረት በግል ቦርሳ አይጓጓዝም፣ ሩሐማ። ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?»

ጋምቤላ ውስጥ ሥልጠና ያልወሰደ ሠራተኛ ካለ አምጡልኝ። የጤናው፣ የግብርናው፣ የትምህርቱ፣ ሁሉም ሠልጥኗል፤ ሁሉም ሲሠለጥን ያው አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቦርሳ ተሰጥቶታል። ጠዋት መናኸሪያ ብትቆሙ የከተማው ሠራተኛ በሙሉ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ ይመስላችኋል። ንድድ አለኝ፤ ቢሆንም ወሰድኩ። እንዳይምታታብኝ ብዬ መያዣው ላይ ቀይ ክር አሠርኩበት።

ያን ሰሞን ታብሌቱ ውስጥ የነበረው ለማማ ኛቦት የመጣ ቪዲዮ ነው። ማማ ኛቦት ኩሌ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ከደቡብ ሱዳን ሲሸሹ ልጃቸው ኛዌች ጠፍታባቸዋለች፤ ያን ጊዜ ጄሪካን ማንሳት የማትችል ሕፃን ነበረች። ስንት ዓመት ፈልገን ድንበር ማዶ፣ ሌላ አገር ካለ ካምፕ አገኘናት። አሁን አግብታ ወልዳለች። እዚያ ያለው ባልደረባችን ቀድቷት መልእክቷ በስንት መከራ እጄ ገባ።

ችግሩ የእናትየው ዓይን ነበር። የካምፑ የዓይን ባለሙያ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሏቸዋል። ኛዌች መገኘቷን በነገርኳቸው ቀን ማማ ኛቦት እጄን ይዘው ብዙ ተናገሩ። አስተርጓሚዬ ቱት እዚያው ካምፕ ያደገ ኑዌር ነው፤ ረጅሙን ነገር በአጭሩ ማስቀመጥ ያውቅበታል።

«ማማ ትላለች፣ ፊቷን አምጡልኝ። ድምፅ በኋላም ይደርሳል። ፊቷን ቶሎ አምጡልኝ።»

የቢሯችን መኪና ዕቃ እየጠበቀ ጋራዥ ስለቆመ በሚኒባስ ሄድኩ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ላድርግ ብዬ ተሟገትኩ። ረዳቱ ሰው በሰው ላይ ጭኖ ነበርና አልሰማኝም፤ ነጥቆ ከኋላ ወንበር ጀርባ ደረደረው። ኢታንግ ስወርድ ቀይ ክር የታሠረበትን ሰማያዊ ቦርሳ አቀበለኝ። ክሩን አየሁ፣ አንግቤ በባጃጅ ኩሌ ገባሁ።

ማማ ኛቦት ታጥበው፣ ጨሌያቸውን አጥልቀው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ብርሃኑ የሚሻለው እዚያ ስለሆነ ከማለዳ ጀምረው አልተነሱም አለኝ ቱት። ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ ዚፑን ከፈትኩ። የበቆሎ ተባይ ማሠልጠኛ መጽሐፍ። ፎጣ። ነጠላ ጫማ። በፌስታል የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ።

ለካ ክር የማሠር ብልሃት የመጣው ለእኔ ብቻ አልነበረም።

ማማ ኛቦት የዚፑን ድምፅ ሰምተው አንገታቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ፈገግ ብለዋል። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም፤ ነገ ያልኩ ይመስለኛል። ቱት ሲነግራቸው ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፣ ቀስ እያለ ነው የወረደው። አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ።

ነገ አልሆነም። ቦርሳዬ ከአንድ የግብርና ባለሙያ ጋር ከኢታንግ ወዲያ ወዳለው ላሬ አልፎ ነበር። በማግስቱ ዝናቡ ጣለ፣ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ቆረጠው፣ ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ለጸጥታ ተብሎ መኪና እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። ቢሮ ሄጄ ሌላ ቅጂ ስጡኝ አልኩ። የሰው ፊት የሚያሳይ ምስጢር ስለሆነ ታብሌት ላይ ከተጫነ በኋላ ቅጂው ይደመሰሳል፤ ደንብ ነው። ልጅቷ እንደገና ትቀዳ አልኩ። እሱም በዚያው በረጅሙ መንገድ ተመልሶ የሚመጣ ነገር ነው። አቶ ሩፋኤል ይህን ሁሉ ሲያስረዱኝ መነጽራቸውን አላወለቁም፤ ቀና ብለውም አላዩኝም።

ከክፍላቸው ወጥቼ በቀጥታ ፋንቱ ጋ ሄድኩ። ቀዩ ቦርሳ እዚያው ነው፣ ገዢ አላገኘም። በራሴ ገዛሁትና አምጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። «ከእንግዲህ በዚህ ነው የምሄደው፤ ደንቡን ይጥቀሱብኝ» አልኳቸው። አልጠቀሱም።

የግብርና ባለሙያው ዳዊ ይባላል። መንገዱ እንደተከፈተ ራሱ ይዞልኝ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፋር ሰው ነው።

«እኔ አልከፈትኩም» አለኝ። «የሰው ዕቃ ነው። ጎጆው ውሃ ሲያስገባ እላይ ሰቀልኩት።»

ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር። የእሱ ዓሣ እኔ ጋ ተበላሽቶ ከተጣለ ቆይቷል፤ እሱ ግን የእኔን ዕቃ ከጎርፍ አውጥቶልኛል። ምን ብዬ ልቆጣው? ታብሌቱን ከፈትኩት፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ቪዲዮው አለ።

በማግስቱ በቀዩ ቦርሳ ይዤው ኩሌ ሄድኩ። ቱት መንገድ ላይ ጠበቀኝ፤ ፊቱን ሳየው ገባኝ።

«ማማ አሁን ጨለማ ናት» አለኝ። «ባለፈው ሳምንት ጥላ ጥላ ታያለች። አሁን ጥላም የለም።»

እንደዚያን ዕለቱ ጨሌያቸውን አጥልቀው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ብርሃኑ አሁን ምን ያደርግላቸዋል? ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አቁሜ ከፈትኩላቸው።

ኛዌች ተናገረች። ድምፅዋ እንደወጣ ማማ ኛቦት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እያለቀሱ ይሰማሉ፣ በየመሐሉ ይመልሱላታል። ልጅቷ ስለ ባሏ ነገረቻቸው፣ ስለ ቤቷ ነገረቻቸው። ከዚያ አንድ አጭር ነገር አለችና ዝም አለች።

ዝምታው ረዘመ። ማማ ኛቦት ጆሯቸውን አቀረቡ። ጠበቁ። ወደ ቱት ዞሩ።

«ማማ ትላለች፣ ለምን ዝም አለች? ተቀየመች ወይ?»

ስክሪኑን አየሁት። ኛዌች ሕፃኗን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ ካሜራው አስጠግታታለች። ጉንጯን ወዲህ ታዞራለች፣ ወዲያ ታዞራለች፣ እናቷ በደንብ እንድታይላት። ሕፃኗ በድዷ ትስቃለች፣ ድምፅ ግን የላትም።

«ቅድም ምን አለች?» አልኩት ቱትን።

«እይ እማ። እይ ብቻ።»

«እንግዲያው ንገራቸው፣ ልጇን እያሳየቻቸው ነው።»

ነገራቸው። ማማ ኛቦት እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው መስታወቱን ሲነካ ቪዲዮው ቆመ፤ ሕፃኗም እንደሳቀች ቀረች። መዳፋቸውን ፊቷ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። እኔም አልከለከልኳቸውም።

ከዚያ ጨሌያቸውን አስተካክለው አንድ ነገር አሉ።

«ቅዱኝ ትላለች። መልስ አላት።»

ታብሌቱን አነሣሁ። ወደ እኔ የዞሩ መስሏቸው ወደ ጎን ነው የሚያዩት። ዞረው ይቀመጡ ማለት ከበደኝ፤ ራሴ ተነሥቼ ዓይናቸው ወዳለበት ዞርኩ። ቪዲዮው ላይ ቀጥ ብለው ልጃቸውን የሚያዩ ይመስላሉ። ተናገሩ። ሳያለቅሱ፣ ፈገግ ብለው፣ ረጋ ብለው ተናገሩ።

ቱት ከሩቅ ያሉትን ድንኳኖች አየ።

«ምን አሉ?»

«አየኋት ትላለች። ሁለታችሁንም አየሁ። ልጅሽ ቆንጆ ናት፣ አንቺን ትመስላለች።»

ቱት መልሶ አላያቸውም፣ እኔም አላየኋቸውም። ታብሌቱን ስፖንጁ መሐል አስገብቼ ዚፑን እስከ መጨረሻው ሳብኩት።

ወደ ጋምቤላ የሚመለሰው ሚኒባስ እንደ ሁልጊዜው ሞልቷል። ረዳቱ ቀዩን ቦርሳ አየና እጁን ዘረጋ።

«ከኋላ ላድርግልሽ፣ እህት። ይሄ እንደሆን ከማንም ጋር አይምታታም።»

አይሆንም አልኩት፤ ደረቴ ላይ አቅፌው ጋምቤላ ገባሁ።