የሲሚንቶው ወለል

ላጲሶ ሲሚንቶውን ያስደረገው በይሉኝታ ነው። ቦሌ አራብሳ ውስጥ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ አሳማ የሚያረባ ሰው መቼም ይሉኝታ ይገድለዋል፤ ያውም አጥሩ ከእትዬ የሻሽወርቅ አጥር ጋር ከገጠመ። ጾም የማይፈቱ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሴት ናቸው። ሽታው በመጣ ቁጥር ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በእመብርሃን!» ይሉታል። እሱ ደግሞ ጴንጤ ነው፤ «እሺ እትዬ» ብሎ ይገባል።

ስለዚህ ያለችው አንዲት እናት አሳማ ልትወልድ ሳምንት ሲቀራት ከሥሯ የተነጠፈውን ጭድ ጠራርጎ አወጣና ወለሉን ሲሚንቶ አስደረገው። እንዳያንሸራትታት ብሎ ሻካራ አስደረገው። ጠዋት ማታ በውሃ ይፈትገዋል። ምስኪን፣ ኮርቶበትም ነበር።

አሥራ ሁለት ወለደች። ከነሱ ሌላ ተስፋ አልነበረውም። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ግልገል አነከሰ፤ እናቱ ረግጣው ይሆናል ብሎ ተወው። በማግስቱ ሦስት አነከሱ፣ ከዚያ ሰባት፣ ቀጥሎ ሁሉም። ጉልበታቸው አብጦ ሲነኩት ይፋጃል።

የእንስሳት ሐኪሟ ሰምሃል ከሲኤምሲ መጥታ አንዱን አነሳችና የተላጠ ጉልበቱን አሳየችው።

«ጋሽ ላጲሶ፣ ሲጠቡ እኮ ይንበረከካሉ። ወለሉ ልጧቸዋል። በቁስሉ ባክቴሪያ ገብቶ፣ በደም ዞሮ መገጣጠሚያቸው ላይ ተቀመጠ። ጭድ አላነጠፉላቸውም?»

«ነበረ። አነሳሁት።»

«ለምን?»

«ይሸታል ሲሉኝ።»

ሰምሃል መርፌ ወጋቻቸው፣ የአምስት ቀን መድኃኒትም ሰጠችው፤ ግን አልዋሸችውም። «ቶሎ ብንደርስ ይድኑ ነበር» አለችው።

ላጲሶ ሲሚንቶው ላይ አዲስ ጭድ አነጠፈ። አምስት ቀን ወጋ፣ አምስት ቀን ጸለየ። ጠዋት ጠዋት የሞቱትን በማዳበሪያ ከረጢት እያወጣ ቀበረ። ሚስቱ ትግስት ልታጽናናው ብትሞክርም አልሰማትም። በገዛ እጁ ነው የጨረሳቸው።

እሑድ ጠዋት አንድ ቀረ። እናቲቱ ተጋድማ ልታጠባ ስትጣራ ግልገሉ ሊነሳ ሞከረ፤ እግሮቹ እምቢ አሉት። ላጲሶ በሁለት እጁ ደግፎ ወደ ጡቷ አስጠጋው። ትንሽ ጠባ። ከዚያ አፉ ላላ። ላጲሶ አልለቀቀውም።

እትዬ የሻሽወርቅ ከቅዳሴ ሲመለሱ አጥሩ ጋ ቆም አሉ።

«ላጲሶ!» ድምፃቸው እንዲህ ለስልሶ አያውቅም። «ይኸው ሲሚንቶውን ካስደረግህ ወዲህ ቤቴ ሽታ ገብቶ አያውቅም። ሰው አክባሪ ነህ፤ እግዜር ይስጥህ።»

ላጲሶ የሞተውን ግልገል እንደታቀፈ፣ «አሜን፣ እትዬ» አለ።