የኪስ እጀታ

የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሉ ሲፈርስ ሰፈርተኛው በሮቹን ተሻማ። እንጨታቸው ጠንካራ ነበር፤ ጉድለታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ከውስጥ በኩል እጀታ የላቸውም። በቦታው ጣት የማያስገባ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ነርሶቹ እጀታውን በጋውናቸው ኪስ ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ሰክተው ይከፍታሉ፣ ነቅለው ይሄዳሉ። በሩን የገዛ ሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ከውስጥ እጀታ ማስገጠም ነበር።

ወንድሜ ግን የገዛውን በር ለእናታችን ክፍል እንዳለ እንዲገጠም አዘዘ።

እናታችን በዚያ ሆስፒታል ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት አገልግላለች። የማስታወስ ችሎታዋ እየከዳት ከመጣ ወዲህ፣ በየማለዳው ጋውኗን ለብሳ ለፈረቃዋ ትወጣለች። ባለፈው ሳምንት፣ አሁን የአውቶቡስ መናኸሪያ በሆነው በዚያው ግቢ፣ ወደ ኋላ በሚነዱ አውቶቡሶች መካከል ቆማ ተገኘች።

በሩን የገጠመው ሽማግሌ አናጢ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ታክሞ፣ ሙያውንም እዚያው ተምሮ የወጣ ሰው ነው።

«ይኼን በር አውቀዋለሁ» አለ ብሎኑን እያጠበቀ።

«በየት በኩል ጋሼ?» አለ ወንድሜ እየሳቀ።

«አንተ ከቆምክበት በወዲያኛው።»

ወንድሜ ሳቁን ዋጠ። ወደ እኔ ዞሮም «ከእማዬ ጋር ግቡና እንሞክረው» አለኝ።

እናቴ ከሥራ ዘመኗ ጀምሮ ያልተለየችውን እጀታ ከጋውኗ ኪስ ወስጄ በቦርሳዬ የደበቅሁት ትናንት ነው። «መኪና ገጭቷት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከሚሆንብን፣ እባክሽ እህቴ» ብሎኝ ነበር ወንድሜ።

በሩ ተዘጋ። እናቴ ወዲያው ተነሣች። ቀኝ ኪሷን ዳበሰች፤ ግራውን፤ እንደገና ቀኙን። በመስኮቱና በበሩ መካከል ትመላለስ ጀመር። እኔም ሳላውቀው ተነሥቼ ከኋላዋ እመላለስ ነበር። ድንገት ቆማ አየችኝ፤ አስተያየቷ ልጇን የምታይ እናት አስተያየት አልነበረም።

«አንቺ መቼ ገባሽ?»

«አሁን ነው፣ እማዬ።»

«አይዞሽ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም እንዲህ ይንጎራደዳል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እጀታዬን የሆነ ቦታ ጥዬዋለሁ፤ ለኃላፊዋ እንዳትነግሪብኝ። ግድ የለሽም አገኘዋለሁ። አንቺን ሳላስወጣ ከፈረቃዬ አልወጣም።»

ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ከየት አመጣሽው አላለችኝም። እጇ ቀዳዳውን ሳታይ አገኘው፤ በሩ ተከፈተ። እጄን ያዘችና አወጣችኝ። ከዚያም ደጃፉ ላይ የቆመውን ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አንተ ደግሞ ከየትኛው ክፍል አምልጠህ ነው?»

አናጢው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይሳቅ ያልቅስ አላየሁም።

«ምን ነካሽ?» አለኝ ወንድሜ። «እሺ፣ ዛሬስ አብረሻት ሄድሽ። ነገስ?»

ጫማዬን በጥድፊያ አጠለቅሁ፤ እናቴ ቀድማኝ ወደ ፈረቃዋ መንገድ ጀምራለች።