ሣጥኑ ሲጠብቅ

ሳሉድን ማንም አልጠየቃትም። ሣጥኑ የት ይሰቀል፣ ምን ይሥራ ብሎ ያማከራት አንድ ሰው የለም። እዚህ ሚንዶሮ ደሴት ላይ መብራት በሄደ ቁጥር ወደ ጓሮ ሮጣ ጄኔሬተሩን የምታስነሳው፣ የመስመር መቀየሪያውን እጀታም ወደ ጄኔሬተሩ የምትገለብጠው እሷ ነበረች። የባሏ የፖንሶ ሳንባ ከደከመ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ሆኗል፤ ኦክስጅን የሚሰጠው መሣሪያ ያለ መብራት አይሠራም።

የልጇ ባል፣ አማቿ ዴልፊን፣ የመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ለዕረፍት መጣ፤ ጄኔሬተሩን በአዲስ ቀየረና ግድግዳው ላይ ግራጫ ሣጥን ሰቀለ።

"በቃ ናናይ፣" አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው። "እርስዎ ይረፉ። መብራት ሲሄድ ራሱ ያውቃል፣ ጄኔሬተሩን ራሱ ያስነሳል፣ ራሱ ይቀይራል።"

ከአልጋው አጠገብ የነበረውንም የኦክስጅን ሲሊንደር "ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?" ብሎ ላከራያቸው ሱቅ መለሰው። ይህንንም አልጠየቃትም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ለፖንሶ የሩዝ ሾርባ በማንኪያ እየሰጠችው ሳለ መብራት ሄደ። ሰፈሩ "ሄደች!" ብሎ ጮኸ። የፖንሶ መሣሪያ ቀጥ አለና የማስጠንቀቂያ ፉጨቱን ለቀቀው። ሣጥኑ ግን ዝም። መብራቱ የምር መሄዱን ያጣራል። ከዚያ ጄኔሬተሩ ሳል ሳል አለና ተነሣ። ሣጥኑ አሁንም ዝም፤ የጄኔሬተሩ ኃይል እስኪረጋ ይጠብቃል። ፖንሶ ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ተክሎ የሳሉድን የእጅ አንጓ ጨመቀ። ቀጭ! መሣሪያው ተነፈሰ፤ ፖንሶም ተነፈሰ።

"አዩ ናናይ?" አለ ዴልፊን ከጓሮ። "እርስዎ ቢሆኑ እስካሁን ጫማዎን ይፈልጋሉ!"

"ጫማዬን የምፈልገው አንተን ለመርገጥ ነው።"

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ በጭብጨባ ቀለጠ፤ መብራት መጣ። ሣጥኑ ግን ጄኔሬተሩን አልለቀቀም። ሳሉድ በመስኮት ብቅ አለች።

"ይኼ ነገርህ ደንቆሮ ነው እንዴ? መጣች እኮ!"

"ስትመጣ ወዲያው አያምናትም፣ ናናይ። ትቆያለች ወይ ብሎ ይጠብቃል።"

ተናግሮ ሳይጨርስ መብራቱ ተመልሶ ሄደ። ጭብጨባው ወደ እርግማን ተለወጠ። የእነሱ ቤት አምፖል ግን ብልጭ እንኳ አላለም።

"ብልህ ነው!" አለ ዴልፊን።

"እሱ ሲጠብቅ ብልህ! እኔ ጄኔሬተሩን ሳላጠፋ ስጠብቅ 'ናፍጣውን ፈጀችው፣ እርጅና ነው' ስትሉኝ አልነበር?"

ዴልፊን አንገቱን አከከ። "እሱስ ልክ ነዎት። ግን ከእርስዎ ይፈጥናል።"

"ይፈጥናል፤ አልክድም። እኔ ግን ከመሮጤ በፊት ቱቦውን ሲሊንደሩ ላይ እሰካለት ነበር። ጓሮ ስንገላታ እሱ ይተነፍሳል። ደግሞስ ጄኔሬተርህ አልነሣም ያለ ቀን?"

"አዲስ ነው እኮ! ክፍተቷም ቢበዛ ጥቂት ሴኮንድ ናት።"

ሳሉድ አየችው። ጣቶቹ በሽቦ ተጫጭረዋል፤ ዕረፍቱን ባሕር ዳር ተጋድሞ ማሳለፍ ሲችል ለአማቱ ትንፋሽ ሲል ግድግዳ ሲበሳ ነው የከረመው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ደግ ልጅ ነህ። እስቲ ቀረብ በል።"

በመስኮቱ እጇን ዘረጋችለት። የፖንሶ ጥፍሮች አንጓዋ ላይ ገብተው ቀይ ምልክት ትተዋል።

"ጥቂት ሴኮንድ ያልካት ይቺ ናት። ሣጥንህ ይኑር፣ አልጠላሁትም። አሁን ግን ሞተር ብስክሌትህን አስነሣና ሱቁ ሳይዘጋ ሲሊንደሬን አምጣ። ሳታመጣው ምሳ የለህም!"