ጉንዳን

ሴትየዋ ባሏን «ጉንዳን» ያለችው ለቀልድ ነበር። ሰውየው ኬክ ጋጋሪ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከክሬምና ከስኳር ጋር ሲታገል የሚውል። የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ የደሙ ስኳር ሽቅብ ሲወጣ ታዲያ ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀባትም። ጉንዳንን ስኳር ላይ አስቀምጠው አልላስኩም ቢል ማን ያምነዋል?

እሱ ማለ፣ ተገዘተ። ማን ሰምቶት! ማታ ሲገባ ደጃፍ ላይ አቁማ ኪሱን ትፈትሻለች፣ አፉን አስከፍታ ታሸታለች። ይባስ ብላ አንድ ቀን የሚሠራበት ዳቦ ቤት ድረስ ሄዳ አለቃውን «እባክዎ ከኬኩ ያርቁልኝ፤ እጁ አላርፍ ብሏል» አለችው። በማግስቱ ሰውየው ዱቄት ተሸካሚ ሆነ። እሷም ለጤናው ብዬ ነው ብላ ደስ ብሏት አደረች።

ስኳሩ ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ክሊኒክ ይዛው ሄደች፤ ክሱን ሁሉ አሰማች። ሐኪሟ የክኒኑን ካርቶን እያገላበጠች ማን እንደሚሰጠው ጠየቀች።

«እኔው ነኛ፣ ጠዋት ጠዋት በእጄ» አለች በኩራት።

«ይሄ ውሃ ከሰውነት የሚያስወጣ ክኒን ነው» አለች ሐኪሟ። «ግፊቱን ያወርዳል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ስኳር ይጨምራል። እሳቸው ጣፋጭ ሳይቀምሱም ማለት ነው። በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ እኔ እቀይርላቸዋለሁ።»

ሴትየዋ ፊቷ እሳት ሆነ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አላልኩሽም እንዲላት ጠበቀች፤ እሱ ግን ዱቄት የለበሰ ጫማውን ያያል።

መንገድ ላይ ነገ አለቃህን ሄጄ አስረዳለሁ፣ ኬክ እንደማትልስ እነግረዋለሁ አለችው።

«መቼ ላሰ ብሎ ከኬኩ አነሳኝ» አላት ቀስ ብሎ። «እጁ አላርፍ አለ ስትዪው የገባው መስረቄ ነው። የዳቦ ቤቱ ልጆችም ጉንዳን የሚሉኝ ተሸክሞ ይሄዳል ለማለት ነው።»

ቃሏ እንዲህ ተብሎ ሊሰማ ይችላል ብላ አንዴም አላሰበችም ነበር። አፍራ፣ አንገቷን ደፍታ እስከ ቤት ሄደች።

በሩን ከፍታ ቀድማው ገባች። ኮቴው ሳይከተላት ሲቀር ዞር አለች። ሰውየው ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ሁለቱንም ኪሶቹን ገልብጦ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል።