የዘለልኳት አንቀጽ

በቤታችን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ከአምስተኛ ክፍል ባቋርጥም፣ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ዶክተሯ እኔ ነኝ። ትናንት ነርሷ ሲስተር መሰረት የስምምነት ወረቀት ይዛ ስትመጣ እናቴ፣ "ፀደይ ታንብብልኝ" አለች። ኮራሁ። ጉዱም የመጣው ከኩራቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴና ወንድሜ ቻላቸው በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ይወርዳሉ። እኛ የደጋ ሰዎች ነን። አምና ቻላቸውን ሙቀቱ ጣለውና ተሸክመው አመጡት። ዛሬም ፀሐይ ላይ ትንሽ ከቆመ ራሱን ይዞ ይቀመጣል። እናቴ ግን ሦስት ዓመት ስታጭድ አንድ ቀን አልወደቀችም። ሲስተር መሰረት የምትሠራበት ጥናት የሁለቱንም ደም ፈለገ፤ የሚወድቀውንም የማይወድቀውንም። እናቴ "ለልጄ መድኃኒት ሊገኝለት ነው" ብላ ደስታዋን አልቻለችውም።

አነበብኩ። አንደኛው አንቀጽ ሸጋ ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ "ዘረመል" የሚል ቃል መጣ፤ ከኋላው ደግሞ እንደ ግመል የተሰለፉ ረጃጅም ቃላት። ቻላቸው "ዶክተራችን ተደናቀፈች!" ብሎ ሳቀ። እንደ ቦይ ዘለልኳትና አራተኛውን ቀጠልኩ። ሲስተር መርፌዋን ስታዘጋጅ አላስተዋለችም። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነች፤ ቻላቸውም ተከተላት፣ ደማቸውም ተቀዳ።

ዛሬ ጠዋት ያቺ አንቀጽ መቀመጫ ነሳችኝ። ለኛ የተተወውን ቅጂ አውጥቼ ፊደል በፊደል ቆጠርኳት። ከደማቸው የሚገኘው ነገር፣ ገና ያልተወለዱ ልጆች ሙቀት እንዲችሉ ተፈጥሯቸውን ለመለወጥ ለሚደረግ ምርምር ሊውል ይችላል ትላለች። ደሙ ከጎንደር ከወጣ በኋላ ማስመለስ አይቻልም። ደሙን የሚወስደው ማኪና ከጤና ጣቢያው የሚወጣው አራት ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

"እማ፣ ትናንት ዘልያለሁ" አልኳት።

"ምን? ገመድ?"

አነበብኩላት። ሳቋ ጠፋ። "ምነው ትናንት አልነገርሽኝ?"

ቻላቸው ከአልጋው ተነሳ። "ሙቀት የማይጥለው ልጅ? እማ፣ እኔ የወደቅኩ ቀን ትዝ ይልሻል? አሠሪው ካቦ ሁላችሁንም ጥላ ሥር ያስገባችሁ ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው ካልወደቀ ዕረፍት የለም።"

"መውደቅህ ጠቀመ በለኛ!" አልኩ፤ አፌ አያርፍም። ማንም አልሳቀም።

"እና ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሊያጭድ ነው? በኔ ደም?" አለች እናቴ። ከዚያ ቻላቸውን አየችው። "መድኃኒቱስ?"

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። መድኃኒት የሚል ቃል የለም።

ሮጥን። ቻላቸው ጃንጥላውን ዘርግቶ ከኋላችን። ስንደርስ ማኪናው ሞተሩን አስነስቷል። እናቴ "ደማችንን መልሱልን" ስትል ሲስተር መሰረት አልተቆጣችም።

"መብትዎ ነው፣ እትዬ እናኑ። ግን ያስቡበት። ምድሪቱ በየዓመቱ እየጋለች ነው። ነገ የልጅ ልጅዎ ቢወድቅስ?"

እናቴ ቻላቸውን ከነጃንጥላው ስታየው ዓይኗ ራሰ።

"ለሚወድቀው ጥላ ይሥሩለት" አለች። "ያልተወለደውን ማን ጠየቀው? እኔን እንኳ..." ወደኔ ዞረችና ተወችው።

ሲስተር የበረዶ ሣጥኑን ከፈተች። ብልቃጥ በብልቃጥ፤ ሁሉም ቀይ፣ ስም የሌለው፣ ቁጥር ብቻ። ሁለት አወጣች።

"የኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?" አለች እናቴ።

"ቁጥሩ ወረቀታችሁ ላይ አለ።"

እናቴ ብልቃጦቹን መዳፌ ላይ አስቀመጠች። "አንብቢ።"

ቅጂያችንን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ዜሮ፣ ሦስት፣ አንድ፣ ስምንት። ጣቴ ከወረቀቱ ወደ ብልቃጡ፣ ከብልቃጡ ወደ ወረቀቱ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ።

"አልዘለልሽም?"

"አልዘለልኩም እማ።"

"ድገሚው።"