ያልተፈተሸው ሸክም

በቦንጋ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ አንድ ነጋዴ ባለ ሦስት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ያሠራ ነበር። ሥራው ሲጀመር "ለመስቀል ይመረቃል" ተብሎ ተወርቶ ነበር፤ የየትኛው ዓመት መስቀል እንደሆነ ግን የነገረን የለም። ዝናቡ አለ፣ የዕቃው መወደድ አለ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሌባው አለ። ሌባ ሲባል ደግሞ አንድ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሲሚንቶው በምሳ ዕቃ ይወጣል፤ ሚስማሩ በኪስ፣ የቧንቧ መገጣጠሚያው በካልሲ ይወጣል። አንዴማ ረጋ ያለ፣ ጨዋ የሚባል ግንበኛ የኤሌክትሪክ ገመድ በወገቡ ላይ ጠምጥሞ ተገኘና "ቀበቶዬ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ራሱን ሌባ ብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ትንሽ ናት፣ ለቤቴ ናት፣ ባለቤቱ እንደሆነ ሀብታም ነው ይባላል። እንዲህ እየተባለ ስንት ክፍል ሊሆን የሚችል ዕቃ በየሰዉ ጓሮ ገባ።

በዚህ ሁሉ መውጫ በር ላይ የቆመው ዘበኛው አምባው ነበር። አያቱ ድሮ ከሸዋ መጥተው ቦንጋ የቀሩ ናቸው፤ እሱም እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አምሳውን አልፎ፣ ሚስቱን እዚሁ ቀብሯል። አንዲት ልጁ ጅማ አግብታለች። ከዚህ በፊት የቡና መጋዘን ሲጠብቅ አንዲት ፍሬ አልጎደለችበትም ይባላል፤ ነጋዴውም ይህንን ሰምቶ ነው ለምኖ ያመጣው። አምባው ከዚህ ስሙ ሌላ ይህ ነው የሚባል ሀብት አልነበረውም።

በሳይቱ አንድ ልማድ ነበር። ኮንክሪት የታቀፈበት ጣውላ ሲፈርስ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ለሴቶቹ ነው። አሸዋና ውሃ ሲያቀርቡ የዋሉት ሴቶች ሥራ ሲለቀቅ ቁርጥራጩን አስረው፣ በጀርባቸው አዝለው ለማገዶ ይወስዳሉ። አምባው ደግሞ በሩ ላይ እያስቆመ ሸክማቸውን ይፈትሻል። ፍተሻው ግን ፍተሻ ብቻ አልነበረም፤ የቀኑ ጨዋታ እዚያ ነው የሚደራው።

"ሶሲ፣ ዛሬ ደግሞ ባልሽን ጠቅልለሽ ነው እንዴ የምትወስጂው?" ይላል፣ እንጨቱን እየነካካ።

"ከፈለጉት ይውሰዱት ጋሽ አምባው! አይበጅዎትም እንጂ!" ትላለች ሶሲ። ሰልፉ በሙሉ ይስቃል።

የምሥራች ስትደርስ ግን አምባው ዝም ይላል። ዓይኑን ወደ መንገዱ ያዞርና በእጁ ብቻ "እለፊ" ይላል። እሷም አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።

የምሥራች ከሺሺንዳ የመጣች ሴት ናት። ባሏ ለሥራ ብሎ ደካ ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር መሥርቶ ቀረ፤ እሷም የመንደር ሰው ሲያዝንላት ማየት ሰለቻትና ቦንጋ መጥታ ቤት ተከራየች። ብዙ አትናገርም። ስትስቅ ግን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ አምባውን ያጠፋው ያ ነው። ጠዋት ስትገባ ያያታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን በሙሉ የማታዋን መውጫ መጠበቂያ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ካቦርቱን ያራግፋል፣ ጢሙን በመዳፉ ያስተካክላል፣ የሚላትን ነገር በልቡ ያጠናል። እሷ ስትመጣ ያጠናው ሁሉ ብን ይላል። እጁን ሸክሟ ላይ ቢያሳርፍ የሚንቀጠቀጥበት፣ የሰልፉ ሴት ሁሉም የሚያውቅበት ይመስለዋል። ደግሞ መፈተሽ ማለት መጠርጠር ነው። ለእሷ ሊሰጣት የሚችለው ነገር ቢኖር አለመጠርጠር ነው፤ እሱን በየቀኑ ይሰጣት ነበር። ቤቱ ገብቶ ብቻውን ሲቀመጥ ግን ያቺን አንዲት አፍታ መልሶ መላልሶ ያስባታል። ነገስ አንድ ቃል እናገራት ይሆን ይላል። ይናፍቃታል። በየቀኑ የሚያያትን ሰው ይናፍቃል።

ይህንን ነገር ከሴቶቹ አንዷም ልብ አላለችም። ልብ ያለው ሙሌ የሚባለው ፌራዮ ነው። ሙሌ ብረት ቆራጭና አሳሪ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ማር። አንድ ቀን የምሥራች እንጨቷን በቃጫ ለማሰር ስትታገል አየና ጠጋ አለ።

"አንቺ ደግሞ በዚህ ገመድ እንዴት ይሆናል? መንገድ ላይ ይበተንብሻል። ተይው፣ እኔ ላስርልሽ" አላት።

የአምድ ብረት በሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ ጥብቅ አድርጎ አሰረላት። እሷም መረቀችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙሌ የምሥራችን ሸክም ራሱ አዘጋጅቶ፣ አስሮ፣ ከጀርባዋ ላይ ያስቀምጥላታል። ከበሩ ራቅ ስትል ይደርስባትና መንገዷ ላይ ባለው ብረታ ብረት ቤት ሲደርሱ "ከበደሽ፣ ላግዝሽ" ብሎ ያወርድላታል፤ ሽቦውን እንደገና ላጥብቀው ብሎ ሸክሙን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ሸክሙ ቀለል ይላታል። ስላረፍኩ ነው ትላለች።

አምባው ጀርባዋ ከወትሮው ይበልጥ መጉበጡን አይቷል። አይቶም አዝኗል። የቦንጋን ዝናብ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንጨቱ ርሷል። እዚህ አገር የደረቀ እንጨት የሚያየው ምድጃ ላይ የሰቀለ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድም ሰው፣ ተሸካሚዋም ራሷ፣ ሸክሙ ለምን ከበደ ብሎ አልጠየቀም። አምባው የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሸክሙን ተቀብሏት እስከ ቤቷ ድረስ አብሯት መውረድ።

የሳይቱ መሐንዲስ እስክንድር ከደሴ የመጣ ወጣት ነው። የብረቱ መጉደል እንቅልፍ ነሣው። ሌባው ጨለማ ተገን አድርጎ በመኪና የሚመጣ መስሎት በአጥሩ ዙሪያ እሾሃማ ሽቦ አስወጠረ፣ አምፖል አስተከለ፣ ውሻም አስመጣ። ውሻው ወፈረ፤ ብረቱ ግን መጉደሉን አልተወም። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ለሦስተኛው ፎቅ አምድ የሚሆን ብረት ጨርሶ ሲታጣ፣ እስክንድር ፊቱ ጠቁሮ ወደ በሩ መጣ።

"ጋሽ አምባው፣ ዛሬ እኔም አብሬዎት እቆማለሁ። አንድም ሸክም ሳይፈታ አይወጣም" አለ።

ሴቶቹ ተሰለፉ። የዚያን ቀን ጨዋታ አልነበረም። የሶሲ ሸክም ተፈታ፤ እንጨት ነው። የሌሎቹም ተፈታ፤ እንጨት ነው። የምሥራች ተራዋ ሲደርስ አምባው እንደ ልማዱ እጁን ወደ መንገዱ ዘረጋ።

"እሷስ?" አለ እስክንድር።

ከአምባው በፊት እሷው መለሰች። ሸክሟን ከጀርባዋ አውርዳ እግሩ ሥር አኖረችውና "ይፈትሹ እንጂ ጋሽ አምባው። እኔስ ከሰው በምን አንሳለሁ?" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ ነበረ፤ የቆየ ቅሬታ።

አምባው ተንበረከከ። እንደፈራውም እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ሽቦውን ሊፈታ ሲታገል ጣቱ ደማ። ሽቦው ሲላቀቅ እንጨቱ ተዘረገፈ፤ ከእንጨቱ መሐል በፍልጡ ልክ የተቆራረጠ ፌሮ ብረት እየተንቃጨለ ወጣ።

የምሥራች ብረቱን አየች፤ እጇን ወደ ጀርባዋ ልካ የሰነበረውን ትከሻዋን ዳሰሰችው።

"እኔ እንጨቱ ርሶ መስሎኝ..." አለች።

አምባው ቃሏን እንደሰማ አመናት። ያመናት ግን እሱ ብቻ ነበር። የእስክንድር ፊት አላመናትም፤ የሴቶቹ ሹክሹክታ አላመናትም፤ ፖሊስ ጣቢያው ደግሞ ጭራሽ አያምናትም። ሽቦው የማን እጅ እንደሆነ አወቀና ዞር ብሎ ሙሌን ፈለገ። ሙሌ በጓሮ በኩል አጥር ዘሎ ሄዷል፤ የወፈረው ውሻም ጭራውን እየቆላ ሸኝቶታል።

"ይቺን ሸክም ማነው ሳይፈትሽ ሲያሳልፍ የከረመው?" አለ እስክንድር።

"እኔ ነኝ" አለ አምባው።

"ለምን?"

እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ግን ያንን ሁሉ ወራት በልቡ የያዘውን ነገር፣ ለእሷ እንኳ ያልነገራትን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በተዘረገፈ ብረት ላይ ቆሞ እንዴት ይናገረው? ቢናገርስ ማን ያምናል? ጉቦ የሚበላ ዘበኛን ግን ሁሉም ያምናል።

"ሙሌ ያስራል፣ እኔ አሳልፋለሁ። ተስማምተን ነው። እሷ የምታውቀው ነገር የለም፤ ተዋት" አለ።

"ለሽበትዎ ስል ፖሊስ አልጠራም፤ ልብስዎን ይዘው ይሂዱ" አለው እስክንድር። አምባው ካቦርቱን አነሳ። ቀና ሲል የምሥራች ታየዋለች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊት ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ለካ ያልፈተሹኝ ለዚህ ኖሯል" አለችው ቀስ ብላ። "እኔ ደግሞ የናቁኝ መስሎኝ ነበር። በጀርባዬ ሲነግዱብኝ ኖረዋል ለካ።"

ስሙ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲጠፋ እንኳ ያልተሰማው ሕመም ያን ጊዜ ተሰማው። ዳገቱን ብቻውን ወረደ።

ከዚያ ወዲህ አምባው ከደጁ አይርቅም። ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ የረዳቶቹ ጥሪ፣ የባጃጁ ጩኸት ይሰማል። አላፊውን ሰው ሰላም ይላል፤ የሚመለስለት ሰላምታ ግን እንደ ድሮው አይደለም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እጁ ሳያስበው ጢሙን ያስተካክላል። ከዚያም ማን ይመጣል ብሎ በራሱ ያፍራል። ከሁሉ የሚቆረቁረው የምሥራች ከሥራ ስትመለስ በሌላ በኩል ዞራ መሄዷ ነው። በደጁ የሚያልፈው መንገድ ለእሷ አጭሩ መሆኑን ያውቃል፤ ረጅሙን የመረጠችው እሱን ላለማየት መሆኑንም ያውቃል። ቢሆንም መንገዱን ያያል።

ክረምቱ ወጣ። ሙሌ ጅማ ውስጥ በሌላ ሳይት፣ በሌላ ዘዴ ተያዘ አሉ። አፉ ማር ነው አላልንም? ለፖሊሱ የቦንጋውንም ጨምሮ ሁሉንም ተረከለት። "ዘበኛው ምንም አያውቅም። እሷን ስትመጣ ማየት ስለሚያቅተው ነው የሷን ሸክም የመረጥኩት። ሽማግሌው ወዶ ሞቷል" አለ ተብሎ ወሬው በመጀመሪያው መኪና ቦንጋ ገባ። ከተማው ሁለት ቀን ሳቀ። እስክንድር ደጁ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀና ወደ ሥራው እንዲመለስ ለመነው። አምባው "አስብበታለሁ" አለ። ሲስቁበት አልከፋውም፤ እሷም ሰምታ ይሆን እያለ ነበር የሚጨነቀው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የምሥራች መጣች። አንዲት ትንሽ ሻንጣ በእጇ ይዛለች። ጀርባዋ ላይ እንጨት ተሸክማለች፤ እንደ ድሮው በቃጫ የታሰረ፣ ራሷ ያሰረችው።

"የእኛ ሥራ አለቀ፤ ሴቶቹን በሙሉ አሰናበቱን" አለች ቆማ። "ወደ ሺሺንዳ ልመለስ ነው።"

አምባው ከተቀመጠበት ተነሳ።

"ሙሌ ያለው እውነት ነው?" አለችው።

አምባው መሬት መሬቱን አየ። "እውነት ነው" አለ። "እጄ ይንቀጠቀጥብኝ ነበር። ሰው የሚያውቅብኝ መሰለኝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንቺን ሌባ ናት ብዬ መጠርጠር አልቻልኩም። አጥፍቻለሁ፤ ብፈትሽሽ ኖሮ ያን ሁሉ ብረት አትሸከሚም ነበር።"

የምሥራች ሸክሟን አወረደች። እግሩ ሥር አኖረችው።

"ለሶሲ ይስቃሉ፣ ለሁሉም ያወራሉ። እኔ ጋ ሲደርስ ፊትዎን ያዞራሉ። በየቀኑ፣ ዛሬስ ያስቆመኝ ይሆን እያልኩ ነበር የምመጣው" አለች። "ልሄድ ነውና አሁን ይፈትሹኝ።"

አምባው ተንበረከከ። ቃጫውን ፈታ። እንጨቶቹን አንድ በአንድ አነሳ፣ አገላበጠ፣ መልሶ አስቀመጠ። ከመናኸሪያው በኩል "ሺሺንዳ! ሺሺንዳ! የሞላ!" የሚል ጥሪ ተሰማ። አልተቻኮለም። ጥሪው ደግሞ ተሰማ። የመጨረሻዋን ፍልጥ በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

"ይኼ አያልፍም" አለ።

"ምን ተገኘበት?" አለች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ እያስጠጋች።

"ገና አልጨረስኩም። ፍተሻው ይቆያል።"

መኪናው ጥሩምባውን ነፍቶ ሲወጣ ሁለቱም ሰሙት። የምሥራች ሻንጣዋን በበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠችና ከጎኑ ቁጭ አለች።