የአባቴ ወይንና አራተኛው ሰሃን

የአባቴ ወይን ከኮረብታችን ወርዶ ሊዮን ከተማ ውስጥ ትልቅ ምግብ ቤት ሲገባ ያ ምሳ የመጀመሪያው ነበር። የቤቱ የወይን ኃላፊ ኦዲል ሰባት ሰሃን ምግብ፣ ለእያንዳንዱ ሰሃን አንድ ወይን ታቀርባለች። የአባቴን ለሙከራ አራተኛው ላይ መደበችውና እኔንና እሱን ጋበዘችን። ወይኑ ከምግቡ ጋር ከተስማማ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ትገዛለች፤ ካልተስማማ ምርቱን በርካሽ ለጅምላ ነጋዴ እንሰጣለን። አባቴ የተሞሸረበትን ኮት ለብሶ መጣ።

በእኛ መንደር የተቀዳ ወይን አይተርፍም። ማስተረፍ ጠማቂውን «ዘንድሮ አልሆነልህም» እንደ ማለት ነው። በዚያ ቤት ደግሞ ምግቡ ሳይደርስ ብርጭቆ ባዶ ሆኖ ከታየ ለቀጂዋ ነውር ነው። ምግቡ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ አባቴ ይጨርሳል፣ ኦዲል ትሞላለች፤ አባቴ ይጨርሳል፣ ኦዲል ትሞላለች። ሁለቱም በጨዋነት።

«አባዬ፣ ቀስ በል።»

«ሰው ቤት መጥቼ ወይን ላስተርፍ?»

«ሰው ቤት አይደለም፣ ምግብ ቤት ነው።»

«ታዲያ ምግቡ የታለ?»

ፊቱ ያለው ሰሃን ላይ አተር ነበር። ቆጠርኩት፤ አምስት ፍሬ ነው።

አራተኛው ሰሃን፣ ሎሚ የጠጣ ጥሬ አሳ፣ ሲቀርብ አባቴ የሰሃኑ ቁጥር ጠፍቶበታል። አሳውን ቀመሰ፣ ቀዩን ወይን ተጎነጨ፣ ፊቱን አጨማደደ።

«እመቤቴ» አላት ኦዲልን፣ «ይህን የጠመቀው ሰው በርሜሉ ውስጥ ምስማር ረስቷል። ወይኑን ትቶ ፍየል ቢያረባ ይሻለዋል።»

ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

«ምን ትረግጪኛለሽ?»

«ያንተ ነው፣ አባዬ።»

ብርጭቆውን አሸተተ። «ሽታው የኔ ነው።» ዳቦ ገመጠና ደግሞ ጠጣ። «ጣዕሙም የኔ ነው። ጥፋተኛው አሳው ነው።»

ኦዲል ጎንበስ አለች። «እኔም ጠርጥሬ ነበር፣ አቶ አንሴልም። አሳውን የመረጡት ሼፉ ናቸው፤ እሳቸውን ማን ይናገራል? እርስዎ ቤትዎ ከምን ጋር ይጠጡታል?»

«ከቋሊማ ጋር ነዋ።»

ወደ ኩሽና ገባችና በብር ክዳን የተሸፈነ ሰሃን ይዛ ተመለሰች። ሥሩ ትኩስ ቋሊማና ድንች ነበር። አባቴ ለሦስት ቆረጠው። ኦዲል ቆማ በላች፣ ጠጣች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጎናችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አሳቸውን ገፋ አድርገው «ለኔም ያንን» አሉ።

ይሄኔ ሼፉ ወጡ።

«ምሳዬን የወሰደው ማነው?»

ኦዲል የተረፈውን ቁራጭና አንድ ብርጭቆ አቀበለቻቸው። አኘኩ፣ ጠጡ።

«ለአሳው ሌላ ወይን ፈልጊለት» አሏትና የቀረውን ድንች ይዘው ተመለሱ።

«ለጊዜው አርባ ካርቶን ይላኩልኝ» አለች ኦዲል።

አባቴ እጇን ሊጨብጥ ተነሳ። በሁለተኛው ሙከራ ተሳካለት።